ስሙ የማይወጣ ወፍ

እትዬ ወለተ ሰንበት ለአቦ ማኅበር የጋገሩትን ዳቦ በመሶብ ተሸክመው ከወንድማቸው ግቢ እንደ ገቡ፣ መሶቡን እንኳ ሳያወርዱ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው መርገም ጀመሩ። «ልጄን ያስያዘ፣ የእንግዳውን ደም ያፈሰሰ ጆሮ ጠቢ ከበላው አይርጋለት! የዘራው አይብቀልለት! ሲሞት ቀባሪ ይጣ!» አሉ። ጠላ ሊያጠሉ የመጡት የጎረቤት ሴቶች ከማጀት ሆነው «አሜን!» አሉ። የቤቱ እመቤት ስሜነሽም እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ብቅ ብላ «አሜን፣ አቦ ይስሙዎት!» አለች። ባሏ አቶ በላቸው በሩ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን ያጣፉ ነበር። እኅታቸው ዘወር ብለው አዩአቸውና «ወንድምዓለም፣ አንተ አሜን አትልም? አጎቱ አይደለህም እንዴ?» አሉ። አቶ በላቸው «አሜን» አሉ። ጥርት አድርገው ነው ያሉት፤ ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰው በገዛ ራሱ ላይ አሜን ሲል! የእኅታቸውን ልጅ ደርቤን ያስያዙት እሳቸው ነበሩ። ወፉ እሳቸው ነበሩ።

ወፍ ስል ጎጃሜ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን ልንገር። ድሮ በሬ ሲሰረቅ ወይ ክምር ሲቃጠል አውጫጭኝ ይጠራል። የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ከአንድ ሜዳ ይከተታል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም፤ ዝናብም ቢመጣ እዚያው፣ ረኀብም ቢመጣ እዚያው። ሽማግሎች ራቅ ብለው ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየሄደ ያየውን የሰማውን በጆሯቸው ይነግራል። የሚያውቅ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ እሱም ወፍ ነው፤ ስሙ አይወጣም። ሽማግሎቹ የወፉን ስም ቢያወጡ «እንደ ይሁዳ፣ እንደ አርዮስ ያድርገን» ብለው ምለዋል። ወንድም በወንድሙ ላይ ወፍ ሆኖ ያውቃል፣ አባት በልጁ ላይ ሆኖ ያውቃል። ከዚያ የተጠቆመው ይጠራል፣ ይጠየቃል፣ ዋስ ይጠራል፣ የበላውን ይተፋል፣ ነገሩ በእርቅ ያልቃል። አቶ በላቸው ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያረጁ ሰው ናቸው። የስንቱን ወፍ ስም በሆዳቸው ይዘው እንደ ሸበቱ አገር ያውቃል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሳቸውን ሆድ ግን ብቅልም አላወጣው። ስሜነሽ ዕድሜዋን ሙሉ አብራቸው ስትተኛ አንድ ስም እንኳ አልሰማችም። ማርቆስ ውስጥ እሳቸው የሚከበሩት በሀብት አይደለም፣ በዚህ ነው።

ደርቤ የእኅታቸው አንድያ ልጅ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ አስተማሪ ሆኖ ከተማው ዳር ቤት ተከራይቷል። ቀድሞ ያስተምር የነበረው ቁይ በምትባል የገጠር ከተማ ነው። የመሬት ልኬቱ ረብሻ በረደ ከተባለ በኋላ፣ «ርስታችን በገመድ አይለካም» ብለው የሸፈቱ ሁለት የቁይ ገበሬዎች፣ ልጆቻቸውን ያስተማረላቸው ሰዎች፣ መጥተው እሱ ቤት ተጠጉ። አቶ በላቸው አንድ ቀን ማለዳ ማር ይዘውለት ሲሄዱ ከመጋረጃው ጀርባ ከነጠመንጃቸው አገኟቸው። የአንደኛው ጠመንጃ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ልጁን ከጓሮ ጠርተው ቢመክሩት፣ ቢለምኑት፣ «እንግዳ አላስወጣም፣ አጎቴ፤ እርስዎ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው» አላቸው። በእርግጥም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ ምን ይበሉ! ከቤታቸው ተመልሰው አወጡ አወረዱ። ሰዎቹ መያዛቸው አይቀርም፤ ሲያዙ ልጁ አብሮ ይጠፋል። አስቀድሞ ወፍ ቢናገር ግን ልጁ ተጠርቶ ይገሠጻል፣ ሰዎቹ በሽማግሌ ይገባሉ፣ እኔ ዋስ እሆናለሁ፣ ያልቃል አሉ። ይህን ነው ያሰቡት፤ ሌላ ክፉ ነገር በልባቸው አልነበረም። አውጫጭኙ ግን ቀርቷል፤ በእሱ ፈንታ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው መሥሪያ ቤት ከገበያው በላይ ተከፍቷል። በሩ ሰማያዊ ቀለም ስለ ተቀባ የከተማው ሰው «ሰማያዊው በር» ይለዋል። አቶ በላቸው በጓሮ በኩል ገብተው ለሹሙ፣ ለአቶ ታረቀኝ፣ «ወፍ ነኝ» አሉት፤ አስማሉት፤ እሱም ማለላቸው። አይ አቶ በላቸው! ሰማያዊውን በር እንደ ዛፉ ሥር አመኑት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የደርቤ ቤት ተከበበ። እንዳላማው የሚባለው እንግዳ አጥር ሲዘል በጥይት ወደቀ፤ ጓደኛው እጁን ታስሮ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ደርቤ ሰማያዊው በር ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

እንግዲህ የዛሬው ቀን የመጣው በዚህ ላይ ነው። የአቦ ማኅበር በተራ የሚዞር ነውና የዚህ ወር ተራ የአቶ በላቸው ቤት ሆነ፤ ተራ አይታለፍም፣ ልጅ ቢታሰርም አይታለፍም። እትዬ ወለተ ሰንበት መሶባቸውን ካወረዱ በኋላ አንድ ሙልሙል ዳቦ ለብቻው በጨርቅ ቋጥረው ለወንድማቸው ሰጧቸው። «ለእኔ በሩን እንኳ አይከፍቱልኝም፤ ስንቁን በቀዳዳ ተቀብለው ሂጂ ይሉኛል። አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ያከብሩሃል። ግባና ልጄን ለምንልኝ» አሉ። ዐይናቸው አብጧል። አቶ በላቸው ቋጠሮውን ተቀበሉና በትራቸውን አንሥተው ወጡ። ስሜነሽ ከኋላቸው «ሻማውን እንዳትረሳ!» አለች። ቤት ውስጥ ስለ ደርቤ የሚያወራ የለም፤ ስለ ሻማ፣ ስለ ጌሾ፣ ስለ ማኅበርተኛው ብዛት ነው የሚወራው፤ ስሙ የሚነሣው በእርግማን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ስለ ነበር የቁይ ሰው፣ የደብረ ወርቅ ሰው፣ የየቆላው ሰው ገበያውን ሞልቶታል። በግ አሥራ ሁለት ብር ገባ እያለ አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው በአቦ በሚካኤል ብሎ ይለምናል። አቶ በላቸውን ያየ ሁሉ ከወገቡ ጎንበስ እያለ «እንዴት ዋሉ? ልጁስ?» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «እግዜር ያውቃል» ብለው ያልፋሉ። ከጌሾ ተራ ዳር ከል የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ከቁይ መሆኗን በአነጋገሯ አወቁ፤ የእንዳላማው ሚስት መሆኗን ደግሞ ከጎኗ ከቆሙት ሁለት ወንዶች መልክ አወቁ፤ ወንድሞቹ ናቸው፣ ቁርጥ እሱን ይመስላሉ። አንደኛው ጠጋ ብሎ የአቶ በላቸውን ትከሻ ሳመ። «አባታችን፣ እርስዎ የአገር ሽማግሌ ነዎት፤ ደማችንን ማን እንደ ሸጠው ከሰሙ አይደብቁን» አለ። አቶ በላቸው «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ጥለውት ሄዱ፤ ሲሄዱ እንቅፋት መታቸው፤ ሰዎቹ ግን እርጅና ነው ብለው አዘኑላቸው።

ከሰማያዊው በር ፊት ለፊት የአብዱልቃኒ ሱቅ አለ፤ ስኳር፣ ጨው፣ ላምባ፣ ሻማ ይሸጣል። አብዱልቃኒ ደኅና ሰው ነው፤ ሱቁ ከዚያ በር ፊት ለፊት በመዋሉ ግን ከማንም በፊት ፀጉሩ ሸብቷል። አቶ በላቸው ሻማውን አስጠቅልለው፣ ስመለስ እወስደዋለሁ ብለው አስቀመጡ። አብዱልቃኒ የዳቦውን ቋጠሮ አየ። «ለልጁ ነው?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አዎ፤ ልለምንለት ነው።» አብዱልቃኒ የተጠቀለለውን ሻማ ከመደርደሪያው አኖረና «አላህ ይርዳዎት፣ አባባ። እኔ ከዚህ ቁጭ ብዬ የማየው ሲገቡ ነው። ሲወጡ የማየው ጥቂቱን ነው፤ እሱንም ሰው ከዚያ ወዲያ ሰላምታ አይሰጠውም» አለ። አቶ በላቸው የመጨረሻዋን ቃል በቅጡ አልሰሟትም፤ ልባቸው መንገዱን ተሻግሮ ሄዷል።

አቶ ታረቀኝ ገና ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ። ወጣት ነው፤ ከረባት አስሯል፤ ውጭ አገር ተምሮ መጥቷል ይባላል። ክፍሉ ጣሊያን የሠራው ነው፣ ወለሉ ጣውላ ነው፤ የጽሕፈት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ስልኩ ጥቁር ነው። ጩኸት የለም፣ አለንጋ የለም፣ የታሰረ ሰው ድምፅ የለም። አቶ በላቸው ያደጉት ዳኛ ሲጮኽ፣ ከሳሽ ሲፎክር፣ ዋስ ሲጠራ እየሰሙ ነውና ጸጥታው አስፈራቸው። ሹሙ በገዛ እጁ ወንበር ስቦላቸው ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳላቸው። የዳቦውን ቋጠሮ ከጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ሻዩን አልነኩትም።

«መሐላ ነበረን፣ ጌታው» አሉ።

«ምን አጎደልኩ፣ አባባ? ስምዎን ያወቀ አለ?»

«ስሜንማ ማንም አላወቀም። ሰው ሞተ እንጂ።»

«ጠመንጃ ይዞ አጥር ዘለለ። ምን ላድርገው?»

«ይጠሩታላ!» አሉ አቶ በላቸው፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «የተጠቆመ ሰው ይጠራል! ይጠየቃል፣ ዋስ አምጣ ይባላል። እኔ የነገርኩዎ ለዚህ ነው። ሰው ሊገደል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ምላሴን እቆርጠው አልነበረም?»

አቶ ታረቀኝ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። እንዲያውም አስተማሪ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። የእናንተ ወግ ጥሩ ወግ ነበር፣ አለ፤ ግን እናንተ የምትሰበሰቡት በሬው ከጠፋ በኋላ ነው፤ የምታወጡት የተሠራውን ነው። ዘመኑ ያንን አልፎታል። ዛሬ መንግሥት ማወቅ የሚፈልገው ገና ያልተሠራውን ነው፤ ማን ከማን ጋር ጠላ ጠጣ፣ ማን ማንን አሳደረ፣ ማን ሲናገር ማን ሳቀ። አቶ በላቸው አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ኋላም «ያልተሠራ ነገር እንዴት ይዳኛል፣ ጌታው?» አሉ። «አይዳኝም» አለ አቶ ታረቀኝ። «ይታወቃል እንጂ።»

ከዚህ ወዲያ አቶ በላቸው መከራከሩን ተዉት። ተነሥተው ቆሙ፣ ነጠላ እንደሚያደገድግ ሰው ጋቢያቸውን አወረዱ። «ልጁን በዋስ ይስጡኝ። ርስቴን አስይዛለሁ፤ ቢጠፋ እኔን ይሰሩ። እናቱ በቁሟ ሞታለች» አሉ። አቶ ታረቀኝ ጥቂት አሰበ፤ ሻዩን ፉት አለ። «ዋስ አያስፈልግም» አለ። «ዛሬውኑ ይወጣል። እንዲያውም አሁን። እንዲያጥቡት፣ ፂሙን እንዲላጩት እነግራቸዋለሁ።» አቶ በላቸው ደነገጡ። ይህን ያህል ይቀላል ብለው አላሰቡም። ዕንባቸው መጣ፤ «እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ! ያሳድግዎ!» እያሉ መረቁት። አቶ ታረቀኝ እስከ በሩ ሸኛቸውና ትከሻቸውን ያዝ አድርጎ «ስለ ስምዎ አንዳች አያስቡ። እኛ ወፋችንን ከእናንተ ሽማግሎች የበለጠ እንጠብቃለን፤ ያያሉ። ደግሞ አልፎ አልፎ ብቅ ይበሉ፤ ሰው እርስዎን ያምናል፣ ያጫውትዎታል» አላቸው። አቶ በላቸው ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ይወጣል» የሚለውን ብቻ ነው።

ሻማቸውን ሊወስዱ ተመልሰው ከአብዱልቃኒ ሱቅ ተቀምጠው ሲጠብቁ ሰማያዊው በር ተከፈተ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ ላንድሮቨሩ፣ ወጣ። ደርቤ ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል፤ ታጥቧል፣ ተላጭቷል፣ አዲስ ካፖርት ለብሷል። መኪናው ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ አልሄደም። ቁልቁል ወደ ገበያው መሐል፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ባልፈጠነ አካሄድ፣ ጡሩንባውን እየነፋ ገባ። በግ ነጂው ሸሸ፣ በርበሬ ያሰጣች ሴት ነጠላዋን ሰበሰበች። ከጌሾው ተራ ሲደርስ ቆመ። አቶ ታረቀኝ ከኋላ ወርዶ በሩን ለደርቤ እሱው ከፈተለት፤ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ አንድ እሽግ ስኳር አስታቀፈው። ደርቤ ስኳሩን ታቅፎ ደንግጦ ቆመ። ብርሃን ያላየ ሰው ነውና ዐይኑን ያጨነቁራል። መኪናው ሄደ። ያ ሁሉ የገበያ ጫጫታ ቀጥ አለ፤ የአህያ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከል የለበሰችው ሴት ጌሾዋን መሰብሰብ ጀመረች። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን አልተንቀሳቀሱም፤ ደርቤን ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል።

አብዱልቃኒ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ «ያ አላህ» አለ። «እንግዳው ሞቶ፣ ጓደኛው ታስሮ፣ ያሳደራቸው ሰው በመኪና ስኳር ይዞ! አባባ፣ እኔ ልጁን አላማሁም። የቁይ ሰው ግን ከዚህ ሌላ ምን ይበል?» አቶ በላቸው የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዙ። የአቶ ታረቀኝ ነገር ያን ጊዜ ገባቸው። ወፉን እንዲህ ነው የሚጠብቀው! ስሙን አልሸሸገውም፣ በሌላ ሰው ላይ ለጠፈው እንጂ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ልጁ ዘንድ ሊሄዱ አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ሄደው ምን ሊሉት? ሰው ሁሉ እያየ ምን ሊሉት? ሻማቸውን ይዘው በኋላ በር ወደ ቤታቸው ሄዱ። ፈሪ ናቸው ብትሉኝ አልከራከራችሁም።

ቤት ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸዋል፤ ግን ለእኅታቸው የደረሰው ግማሹ ወሬ ነው። እትዬ ወለተ ሰንበት «ልጄ ወጣ! ወንድሜ አስወጣልኝ!» እያሉ እልል ይላሉ። ጠላ የሚያጠሉት ሴቶች ግን እልልታውን አልተቀበሉም። አንዷ ለሌላዋ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አለቻት፤ ኋላ ሁለቱም እንስራቸው ላይ አቀረቀሩ። ማኅበርተኞቹ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ አሥራ ሁለቱ ወንዶች በመደቡና በአግዳሚው ዙሪያ እንደ ዕድሜያቸው ተቀመጡ። በመሐል የማኅበሩ አባት አለቃ ገብረ ማርያም አሉ። ስለ ውርጩ ተወራ፣ ስለ ባቄላው፣ የደጀን መንገድ በጭነት መኪና ስለ መቆፈሩ። ደርቤ የአባቱን የማኅበር ወንበር የወረሰ ነውና እሱም መጣ፤ ካፖርቱን አውልቆ የራሱን ጋቢ ለብሷል። «እንዴት ዋላችሁ» ሲል ሁሉም ጉሮሮውን ጠረገ። ከአግዳሚው ጫፍ ሲቀመጥ ከጎኑ የነበረው ሰው ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ፈቀቅ አለ። እናቱ ከማጀት በር ላይ ቆመው ያዩታል፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ።

አለቃ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው ቆርሰው፣ ጽዋውን ቀምሰው ሰጡ። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከደርቤ ጎን ያለው ሰው ጠጣና በደርቤ ጉልበት ላይ አሳልፎ ከወዲያ ላለው አቀበለው። ባለቤት ናቸውና እንስራውን ይዘው ቆመው የሚቀዱት አቶ በላቸው ናቸው፤ አዩ። ደርቤ መጀመሪያ ስህተት መስሎት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እጁ በአየር ላይ ቀረ። «አለቃ፣ ተዘለልኩ» አለ። አለቃ ገብረ ማርያም ወደ መሬት እያዩ መለሱለት። «ልጄ፣ እንግዳህ በቤትህ ሞተ። አንተ በመኪና መጣህ። እኔ አልፈርድብህም፤ የሞተው ሰው ወንድሞች ግን ቤትህ የት እንደ ሆነ ሱቅ ለሱቅ ሲጠይቁ ነው የዋሉ። ደም ያለበት ሰው ጽዋ አይነካም።» ደርቤ ብድግ አለ። «በአባቴ አጥንት፣ በአቦ እምላለሁ፣ ቃል አልወጣኝም! ሲጠይቁኝ እንኳ አልተናገርኩም! ለምን እንደ ለቀቁኝ አላውቅም!» አለ። «ሁሉም አላውቅም ይላል» አለ አንድ ሰው ከመደቡ ላይ። እትዬ ወለተ ሰንበት ከማጀት በሩ ላይ ዐይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል፤ ነገሩ ገና እየገባቸው ነው።

አቶ በላቸው እንስራውን አስቀመጡ። «ወፉ እኔ ነኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። «እኔ ነኝ። ሰማያዊው በር በጓሮ የገባሁት እኔ ነኝ። ተጠርተው ይገሠጻሉ ብዬ ነው፣ በዋስ ያልቃል ብዬ ነው። ልጁ ምንም አያውቅም። ደሙ በእኔ ላይ ነው፤ የቁይን ሰዎች ጥሯቸውና ፊት ለፊት ልንገራቸው» አሉ። ሲናገሩ ቀለላቸው፤ ከዚህ በኋላ ቢገድሏቸውም ግድ የላቸውም ነበር። አለቃ ገብረ ማርያም ትክ ብለው አዩአቸው። ኋላ ዐይናቸው ዕንባ ሞላ። «በላቸው፣ በላቸው» አሉ። «ከአባቶቻችን ጀምሮ ወፍ ነኝ ብሎ በሰው ፊት የቆመ ወፍ ታይቶ ያውቃል? አንተ የስንቱን ስም ተሸክመህ አርጅተህ ይህን ሳታውቅ ቀርተህ ነው? ሥጋህ ነውና ልትሸከምለት ነው። እግዜር ይህን ፍቅርህን ይቁጠርልህ፤ ግን በደም አይቀለድም።»

«እውነቴን ነው የምላችሁ!» አሉ አቶ በላቸው። «በዐይኔ አይቻቸዋለሁ! ከመጋረጃው ጀርባ ነበሩ! የአንደኛው ጠመንጃ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል!» ማኅበርተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አጎት ይሉሃል እንዲህ ነው» አለ አንዱ። «ምን ያለ ሰው ነው!» አለ ሌላው፤ ዕንባውን በጋቢው ጠረገ። አቶ በላቸው በተናገሩ ቁጥር ክብራቸው ይጨምራል። እትዬ ወለተ ሰንበት ከማጀት ሮጠው ወጥተው ከወንድማቸው እግር ሥር ወደቁ፤ ጉልበታቸውን አቅፈው ይስሙ ጀመር። «ወንድምዓለም፣ ወንድምዓለም! ለልጄ ብለህ ስምህን ጣልክ! እኔ አፈር ልብላልህ!» ይላሉ። አቶ በላቸው ሊያነሷቸው ጎንበስ አሉ፤ እኅታቸው ግን ጉልበታቸውን አልለቅ አሉ። ስሜነሽ ከማጀት በሩ ቆማ ባሏን ታያለች፤ ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ማወቅ አይቻልም።

ደርቤ ብቻ ነው ያልተንቀሳቀሰው። ስለዚያ ሰደፍ እናቱ አያውቁም፣ ጎረቤት አያውቅም፣ የታሰረው እንግዳም ቢናገር ለማርቆስ ሰው አልተናገረም። አጎቱ በዚያ ማለዳ ቤቱ እንደ ገቡ በቅጡ ያስታውሳል፤ በእስር ቤት በየሌሊቱ የጠቆመውን ሰው ሲፈልግ የእሳቸውን ስም አንድ ጊዜም አላሰበም። አሁን መጣና ከፊታቸው ቆመ። ቁመታቸው እኩል ነው።

«እኔ አምንዎታለሁ፣ አጎቴ» አለ።

አቶ በላቸው አንገታቸውን ደፉ። ደርቤ እናቱን ከወለሉ አነሣቸው፣ ግንባራቸውን ሳማቸው፣ ጋቢውን ተከናነበና ወጣ። ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ ደጀን መንገድ ነው የታጠፈው፤ ምናልባት የጭነት መኪና አገኝ ብሎ ይሆናል። እናቱ ባዶ እግራቸውን እየጮኹ ተከተሉት። ጩኸታቸው ከአጥሩ ውጭ ጥቂት ተሰማ፤ ከዚያ ራቀ።

«ልጁ ቢሸሽ ነው የሚሻለው» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ «እውነት ነው» አሉ። ኋላ አለቃ ገብረ ማርያም ጽዋውን አስሞሉና በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ። በዚያ ማኅበር አለቃ ለማንም ተነሥተው አያውቁም። ወደ አቶ በላቸው መጡ። «ዛሬ ከሁላችን አንተ ትቀድማለህ» አሉ። «ጠጣ፣ በላቸው።» ማኅበርተኛው ሁሉ ለእሳቸው ክብር ተነሥቶ ቆመ። አቶ በላቸውም ጽዋውን ተቀብለው ጠጡ።